ከሞት የቀደመ መርዶ

ያቺን ፈረንጅ ሳስባት ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ሳህን ስታነሳ ነው። እንግዳ ቤቷ ሲመጣ ምግብ ታቀርባለች፤ እንግዳው እንደ ወጉ «በቃኝ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ እሷም «እሺ» ብላ ሳህኑን አንስታ ትሄዳለች። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሆዱ እየጮኸ ከቤቷ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አገር ምድሩ በሳቅ ሞተ። ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም፤ ነውር ነዋ። በመጨረሻ እኔው ቁጭ አድርጌ፣ «ሲግደረደር ነው እንጂ ጠግቦ አይደለም፤ በሞቴ በይው፣ አፈር ስሆን በይው፣ እምቢ ካለም እጁን ይዘሽ አጉርሺው» አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና፣ «ከራበው ለምን ራበኝ አይልም?» አለች።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ዕጣ የጣለኝ ላስታ ነው፤ ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ አሸተን ማርያምን አልፎ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ትምህርት ቤት። እሷ ደግሞ በበጎ ፈቃደኝነት እንግሊዝኛ ልታስተምርና ችግኝ ልታፈላ ከባሕር ማዶ የመጣች ናት። ሁለታችንም ከአንድ ሽማግሌ ቄስና ከባለቤታቸው ግቢ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ሞባይል ግን ገና ያንን ዳገት አልወጣም። ስልክ ለመደወል ላሊበላ ቴሌ ድረስ መውረድ ነበረብን፤ ወርዶ መመለስ ደግሞ ቀኑን ይበላል።

ሰነፍ አልነበረችም። ጠዋት ከእኛ እኩል ጀሪካን አዝላ ምንጭ ትወርዳለች፤ ሴቶቹ ከጀርባዋ ሊነጥቋት ይሞክራሉ፣ እሷ እምቢ ትላለች፣ መንገዱ በትግል ያልቃል። ከትምህርት በኋላ ችግኞቿን ታጠጣለች። ሲመሽ ከቁንጫ ጋር ጦርነት ትገጥማለች፤ ክፍላችንን የሚለየው ስስ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ስድቧ ሁሉ እኔ ዘንድ ይደርሳል። የሚያናድዳት ግን ቁንጫው ብቻ አልነበረም። «ልጅህ ነገ ትምህርት ቤት ይመጣል?» ብላ የጠየቀችው አባት «እግዜር ያውቃል» ሲላት ፊቷ በርበሬ ይመስላል። እሷ ነገርን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አታውቅም። አንድ ቀን ቄሱ እንግዳ ሰብስበው በተቀመጡበት መሐል ገብታ፣ «የእርስዎ ፍየል ችግኜን በልታለች» አለቻቸው። እንግዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ቄሱ ግን ሳቁና፣ «ፍየሏ እንኳ እንዲህ ፊት ለፊት አትዋጋም» አሉ።

ስለ እናቷ ብዙ ታወራ ነበር። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ እሷንና ወንድሟን ያሳደገቻቸው እናትየዋ ብቻዋን ናት። ለገና ላሊበላ እመጣለሁ ብላ ቃል ገብታላታለች። ይህን የሰሙት የቄሱ ባለቤት፣ የግቢያችን እመቤት፣ ለጋቢ የሚሆን ጥጥ መፍተል ጀመሩ። «የልጄን እናት የላስታ ብርድ እንዳይመታብኝ» ይላሉ። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው አያውቁም፤ በልጅቷ በኩል ግን ሰላምታ ይላላኩ ነበር። እመቤቲቱ እኮ ልጅቷ ከቤት ወጥታ እስክትመለስ ድረስ በር በር የሚያዩላት ሴት ናቸው። አንዳንዴ እንዲያውም እቀና ነበር፤ እኔም የሰው አገር ሰው ነበርኩ፣ ለእኔ እናት ማን ጋቢ ፈተለላት?

በዚያ ዓመት ፈረንጇ የማርያም ማኅበራችን ውስጥ ልግባ አለች። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ አንድ ይጠጣል፤ ባለተራዋ ትደግሳለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጽዋው ለተከታይዋ ይተላለፋል። ክርክር ተነሣ። ሃይማኖቷ ሌላ ነው ያሉ ነበሩ። ቄሱ፣ «ጽዋውን ባትይዝም ድግሱን ትደግስ፤ ማርያም የደገሰላትን አትመልስም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ተራዋ ለጥቅምት ማርያም ደረሳት፤ ቀኑም እሑድ ዋለ። ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ግቢያችን የሠርግ ቤት መሰለ። ጌሾውን ራሷ ወቀጠች፣ ጋኑን ራሷ አጠነች። እመቤቲቱ «ተይ፣ እኔ ልጥመቅልሽ» ቢሏት አሻፈረኝ አለች። ጠላው መፍላት ሲጀምር ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ ገብቼ አገኘኋት።

የድግሱ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ቄሱ ላሊበላ ገበያ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ወደ ግቢው አልገቡም። ባለቤታቸውንና እኔን ወደ አውድማው አስጠሩን፤ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችም አብረዋቸው ቆመዋል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ቴሌ ያለው ልጅ ኸገበያው መሐል ጠራኝ» አሉ። «የልጅቱ ወንድም ኸአገሯ ደውሎ፣ እናቷ በጠና ታማለች፣ ቶሎ ትድረስ ብሏል አለኝ። እንግዲህ አባ፣ አነጋገሩን እርስዎ ያውቁበታል አለኝ።»

እመቤቲቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሌላ ማብራሪያ የጠየቀ አልነበረም።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ ዘንድ «ሞተ» ተብሎ መልእክት አይላክም። «ትንሽ አሞታል፣ ድረስ» ነው የሚባለው። ሰውዬው እንዳይደነግጥ፣ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ። በጠና ታሟል ከተባለማ ያለቀ የተቀበረ ነው። እኔ ራሴ «አባትሽን ጉንፋን ቢጤ ይዞታል» ተብዬ ነው ደሴ የገባሁት፤ ስደርስ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። ለራበው ሰው አይነገርም፣ ለመንገደኛ አይነገርም፣ ደግሶ እንግዳ ለሚጠብቅ አይነገርም። ባለመርዶው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ፣ ሽማግሌ ነው የሚያረዳው። ከዚህ የወጣውን አገር አይምረውም።

ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። «አባ፣ ፈረንጆች እኮ እንደኛ አያለዝቡም። ምናልባት የእውነት ታማ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

ቄሱ በርኅራኄ አዩኝ። «ልጄ፣ ኸባሕር ማዶ ድረስ ለሕመም ይደወላል?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም የአባቴ ድንኳን ፊቴ ላይ ተደቀነብኝና ነቀነቅሁ። ሳህን የሚያነሣ ሕዝብ ታማለች ካለ ታማለች ማለቱ እንደሆነ በዚያች ሰዓት ለማናችንም አልታየንም።

«የሆነ ሆኖ ብቻዋን አትሰማም» አሉ እመቤቲቱ። የእሳቸው የበኩር ልጅ በደርግ ጊዜ ጦር ሜዳ ነው የቀረው። ያን የነገራቸው አንድ መንገደኛ ወታደር ነው፤ ወንዝ ወርደው እንስራ ሲሞሉ አግኝቶ፣ ነግሯቸው መንገዱን ቀጠለ። እንስራውን አዝለው ብቻቸውን ቤት ገቡ። «ያን ቀን የያዘኝ ሰው አልነበረም» ይላሉ፤ አንዳንዴ ከልጁ ሞት ይልቅ ይህ የሚያንገበግባቸው ይመስለኛል። ስለዚህ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚጨመር ነገር አልነበረም። ድግሱን በሰላም ትደግስ፤ ሰኞ ሊነጋ ሲል ትረዳለች። ተስማምተን ተበተንን።

የእሑዱን ድግስ ባልነበርኩበት እላለሁ። የአገር ልብሷን ለብሳ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ ከጋኑ ወደ እንግዳው፣ ከእንግዳው ወደ ጋኑ ትሮጣለች። ከእሷ በቀር ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እያንዳንዱ እንግዳ ሲገባ ከወትሮው አጥብቆ ይስማታል። ጠላው ማለፊያ ነበር፤ ግን ሁሉም ዋንጫውን እንደ ሞላ ይዞ ተቀመጠ። የመንደሩ አዋላጅ የሆኑት ሴት እንባቸው ቢመጣባቸው ጢስ ነው ብለው ወጡ። ፈረንጇ ደግሞ የተማረችውን አልረሳችም፤ «በሞቴ» እያለች፣ «አፈር ስሆን» እያለች በየሰዉ አፍ ታጎርሳለች። ወደ ጓዳ ስባ ወሰደችኝና፣ «ጠላው መጥፎ ነው? እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

«ታዲያ ሰው ለምን ዝም አለ?»

«ጾም ሊገባ ስለሆነ ነው» አልኳት። የነቢያት ጾም ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ እሷ ግን የተባለችውን የምታምን ሰው ስለሆነች አመነችኝ። ሲመሽ ጽዋው ለተከታይዋ ባለተራ ተሰጠ፤ ሁላችንም መርቀናት ወጣን። እመቤቲቱ በግድ እራት አበሏትና እግሯን አጥበው አስተኟት። ደስ ብሏት ተኛች።

ሰኞ ወፍ ሲንጫጫ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአጥሩ ዙሪያ፣ ሴቶቹ ከደጃፏ። እኔና እመቤቲቱ ገብተን አልጋዋ ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ዓይኗን ገልጣ አንዴ እኛን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ቄሱ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ሁላችንም መንገደኞች ስለመሆናችን ጀመሩ፤ እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «ምንድን ነው?» አለች። ቄሱ ሳይጨርሱ እመቤቲቱ እጇን ያዙና፣ «ልጄ፣ እናትሽ አርፈዋል» አሏት። ውጪ ያሉት ሴቶች አንድ ላይ ጮኹ።

እንደዚያ ታለቅሳለች ብዬ አልጠበቅሁም። በአገሯ ቀስ ብለው ነው የሚያለቅሱት ሲባል ሰምቼ ነበር። ይዘናት ባይሆን ኖሮ ከአልጋው ትወድቅ ነበር። አልቃሿ የእናትየዋን ደግነት፣ ልጆቿን ብቻዋን ማሳደጓን፣ ለገና ልትመጣ መሆኗን በግጥም አወረደችው፤ ያላለቀሰ አልነበረም። ጎህ ሲቀድ የተያዘው ልቅሶ ፀሐይ እስኪከር ቀጠለ። መሐል ላይ አንዴ «አውሮፕላን» ብላ ልትነሣ ሞክራ ነበር። ሴቶቹ፣ «የምን መንገድ ነው? በተረዱበት ሰዓት መንገድ አይወጣም» ብለው መልሰው አስቀመጧት። ንፍሮ መጣ፣ እህል ቅመሺ ተባለች፣ ተዝካር ስለማውጣት ተነሣ። የሞተ ሰው ስለማይቸኩል እኛም አልቸኮልንም። ከቀትር በኋላ በቅሎ ላይ አስቀምጠናት፣ ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹና እኔ ተከትለናት ላሊበላ ወረድን።

ቴሌ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ሠራተኛው ሲያያት ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ስልኩ እስኪገኝ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሳጥኗ ውስጥ ገባች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጀርባዋን አያለሁ። ስትናገር ሰማሁ፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ጠየቀች። ስትወጣ ፊቷ ላይ ያለውን ነገር እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም።

«አልሞተችም» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ስተረጉምላቸው ቄሱ አማተቡ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬት ሳመ። አንዲት አላፊ ሴት ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች። ሁላችንም የምንስቅ የምናለቅስ ሆንን። ፈረንጇ ግን አብራን አልሳቀችም። «ወንድሜ የደወለው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ» አልኳት።

«ዛሬ ሰኞ ነው።»

የሰኞው አውሮፕላን ሄዷል፤ የእሑዱም ሄዷል። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ስሟን ትጠራለች፤ ወንድምየውም ለምን እንደዘገየች ደጋግሞ ጠይቋታል። እሷ ምን ትበለው? ቤቴ ሰው ሰብስቤ ጠላ እቀዳ ነበር ትበለው? እናታችን ሞታለች ተብዬ ሳለቅስ ዋልኩ ትበለው? ያን ጊዜ ነው የሠራነው ሥራ ቁልጭ ብሎ የታየኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የነአኩቶ ለአብን ገዳም አልፈን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናት። ቄሱ ከገዢ ፊት እንኳ ዝቅ ብለው የማያውቁ ሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ልጄ፣ ለበጎ ብለን ነው። ይቅር በይን» አሏት። «ገብቶኛል፣ አባ» አለቻቸውና እጃቸውን ሳመች። ዓይኗ ግን አውሮፕላኑ ላይ ነበር። መንደር ስመለስ እመቤቲቱ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። በሕይወት አሉ ስላቸው እልልታውን አቀለጡት፤ ወዲያው ገብተው እንዝርታቸውን አነሡና ያቋረጡትን ጥጥ መፍተል ቀጠሉ። ከእሳቸው ጋር መደሰት አቃተኝ። ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል ይባል የለ፤ እኔም የቀረ እንዲሆን ማርያምን ለመንኳት።

ወሬው ወረዳ ደረሰ። አንድ ኃላፊ ስብሰባ ጠርቶ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» በሚል ርዕስ ቀኑን ሙሉ አስተማረን። መርዶን ከግርዛትና ከጥርስ ማስነቀስ ጎን አሰለፈው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ብድግ ብዬ፣ «ጓድ፣ የእርስዎ እናት ሲሞቱ በስልክ ሊሰሙት ይፈልጋሉ?» አልኩት። ሰዉ በጸጥታ ሳቀ። ዛሬም ቢሆን ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ መርዶን የመሰለ ደግ ሥራ የለንም። ሰው በክፉ ቀኑ ብቻውን እንዳይሆን ያሰበ ሕዝብ ሊሰደብ አይገባውም። ግን ይህን ብዬም አልዳንኩም። ትክክል መሆናችንን ለሰው ሁሉ ማስረዳት እችላለሁ፤ ያቺ እናት ልጇን ስትጠብቅ መዋሏን ግን ለማንም ማስረዳት አልችልም። ቅዳሜ ማታ ተነግሯት ቢሆን እሑድ ትበር ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ይህንን አስቤ ከእንቅልፌ ነቅቻለሁ።

ፋሲካ ሳይደርስ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ከስታለች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ሲያዩዋት ግን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። እመቤቲቱ መደቡ ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ደረሽባቸው?»

«አልደረስኩም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ወንድሜ። በስልክ።»

«የት ሆነሽ?»

«መንገድ ላይ። አውሮፕላን ስቀይር፣ በማላውቀው አገር።»

«አጠገብሽ ማን ነበረ?»

ፈረንጇ እጇን አየች። እኔ በማውቃት ጊዜ ሁሉ ነገር ለማለዘብ ስትሞክር ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

«ብዙ ሰው ነበረ» አለች።

እመቤቲቱ ነገርን ከዳር እስከ ዳር የሚሰሙ ሰው ናቸው፤ የተባለው ገባቸው። ነጠላቸውን አውርደው አዘቀዘቁት። እኔን በዓይናቸው ጠቅሰው በወዲያ ጎኗ አስቀመጡኝ፤ ሁለታችንም እጇን ያዝን። እንደ ገና፣ እንዳልተነገራት ሰው፣ እንደ ሥርዓቱ፣ «ልጄ፣ እናትሽ አርፈዋል» አሏት።

ታለቅሳለች ብለን አጥብቀን ይዘናት ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ደርቋል። ለእናቷ የነበራትን እንባ ሁሉ፣ እናቷ በሕይወት ሳለች፣ ያን ሰኞ እኛ ዘንድ ጨርሳው ነበር። እመቤቲቱና እኔ ብቻችንን አለቀስን።